ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። በደርግ ጊዜ መሆኑ ግን እርግጥ ነው፤ ጓድ መባባሉን ለምደን፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንገዛበት ዘመን ነበር። ዓመቱን የሚያስታውሱ ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ ነበሩ፤ አሁን አብዛኞቹ የሉም። እኔ የማስታውሰው ክረምቱ ሊገባ ጥቂት እንደቀረውና ነፋሱ ያን ሰሞን ከወትሮው ብሶ እንደነበር ነው። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ሰው፣ ከወትሮው ባሰ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበርኩ። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ነው ያቋረጥኩት። ቀን ቀን ገበያ ላይ ሱፍ እሸከማለሁ። ከዚያ ሌላ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ እነሳና በየመንገዱ ማዕዘን ቆሜ ጥሩምባዬን እነፋለሁ፤ ከዚያ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። ከኔ በፊት ነፊው አባቴ ነበር። ጥሩምባው የቆርቆሮ ሆኖ አፉ ላይ ትንሽ ተሰርጉዷል፤ የሰረጎደው አባቴ ነው ይባላል፣ አንድ ቀን ውሻ አባሮት። እኔም አላስጠገንኩትም።

ከሰፈራችን በላይ በኩል አንድ የተዘጋ ቆዳ ፋብሪካ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው ከፈተው፣ አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ፣ ጥቂት ሠራና ቆመ። ሠራተኞቹ ሲበተኑ ቆዳ የሚዘፈዘፍባቸውን ገንዳዎች እንደሞሉ ትተዋቸው ሄዱ። ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፤ እየቆየ ስም የማይወጣለት መልክ ያዘ። ክረምት ሲመጣ ገንዳው ሞልቶ ከሥር ወዳለችው ጅረት ይፈሳል። ከዚያ የጠጣ ጥጃ ፀጉሩ ረግፎ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ያለ ጅረቷ የሚኖር አልነበረም። ሴቶቹ ሱፍ ያጥቡባታል፣ ጠላ ሻጮቹ ጋናቸውን ያጥቡባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአልዩ አምባ በኩል ዳገቱን ወጥተው የሚመጡ ነጋዴዎች ከታች ያለው መሻገሪያ ላይ አጋሰሶቻቸውን ያጠጣሉ።

አንድ ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። ያን ጊዜ ቀበሌ የተጠራ ሰው እስኪደርስ ድረስ ያደረገውንም ያላደረገውንም እያሰበ ነው የሚሄደው። ስደርስ ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የላስቲክ ቦት ጫማ ያጠለቀ ቀጭን ወጣት አለ። የፋብሪካውን ቆሻሻ ሊያስጠርግ የመጣ ባለሙያ ነው። ቦታው ለእህል መጋዘን ተፈልጎ ነበር።

«ሰው ሳይነገረው አንድ አካፋ አላስነሳም» አለ ወጣቱ። «ጭቃው ሲወጣ ይሸታል። ያ ይሁን፣ ሽታ አይገድልም። ገንዳው ኖራ ተጨምሮበት ወደ ጅረቷ በሚለቀቅ ቀንና በማግስቱ ግን ሰውም ሆነ ከብት ከዚያ ውሃ መቅመስ የለበትም።»

«ቀላል ነው፤ ስብሰባ እንጠራለን» አለ ሊቀመንበሩ።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳል ያዘው። ስብሰባ ሲባል ሰፈሩ እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጤነኛው ይታመማል፣ ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ሊቀመንበሩም ሳያውቀው አልቀረም፤ ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«አንተ ጥሩምባ አለህ አይደል?»

«የእድር ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እድሩስ የሕዝብ አይደል? እንግዲህ ለሕዝቡ ማስታወቁ ያንተ ኃላፊነት ነው። አንዲት በግ እንኳ ከዚያ ውሃ ጠጥታ ብትሞት የምጠይቀው አንተን ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ልቡ ገራም ነበር። ቢሆንም «እጠይቅሃለሁ» የሚለው ነገር ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚያስተኛ አልነበረም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። እንደለመድኩት ነፋሁና ጮህኩ፦ «ስሙ! የቆዳ ፋብሪካው ቆሻሻ ሊጠረግ ነው! ፋብሪካው በር ላይ ባለሙያው ያስረዳችኋል!» በየማዕዘኑ እንዲሁ አደረግሁ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ሰው ከቤቱ ሆኖ የሚሰማው ጥሩምባውን ነው፤ ቃሉን ነፋሱ ይወስደዋል። ከቃሌ ውስጥ እየተቆራረጠ የደረሳቸው «ፋብሪካው በር ላይ» የሚለው ብቻ ነበር።

እኔ ፋብሪካው በር ስደርስ ሰፈሩ ቀድሞኛል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን አምጥተው ካስማ እየመቱ ነው። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ደረታቸውን እየመቱ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላሉ።

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ማንን ነው የሚያለቅሱት?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! ስሙ ሲነገረኝ በስሙ አለቅሳለሁ» አሉኝና ቀጠሉ።

ካስማ የሚመታው ጎረምሳ ቀና አለ። «ሬሳው የት ነው ጋሼ?»

«ሬሳ የለም።»

«ገና ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው?»

«የሞተ ሰው የለም ልጄ።»

«ታዲያ ይህን ድንኳን ለማን ነው የምንተክለው?»

ከኋላ አንዱ «ለፋብሪካው ነዋ! አፈሩን ያቅልለት!» ሲል ለቅሶው ሁሉ ወደ ሳቅ ተገለበጠ። አልቃሽዋም ሳቁ፤ ነጠላቸውን ለማቅናት ግን ጊዜ ወሰደባቸው።

በዚህ መሃል ሊቀመንበሩ ደረሰ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ሰው ጠርቶ መጥቶለት አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ያለ ንቃት! እንዲህ ያለ ንቃት!» እያለ ድንኳኑ ሥር ገባ። ባለሙያውም ገብቶ ለሐዘንተኞቹ ስለ ኖራና ስለ ገንዳ አስረዳቸው። ድንኳን ተተክሎ አይነሱ ነገር ሆነባቸውና ጥቂቶቹ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። የቀሩት በድንኳኑ ጀርባ በኩል ሹልክ ብለዋል።

ሲበተን የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደኔ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴን በዚህ ሥራ ላይ ያስቀመጡትም እሳቸው ነበሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «ይህ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው የያዘውን ጥሎ የሚወጣው ውሸት ስለማያውቅ ነው። ዛሬ ዋሸ። ሁለተኛ ሰው ሳይሞት ከተነፋ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። ቀበሌው ጥሩምባ ካማረው የራሱን ይግዛ።»

አንገቴን ደፍቼ «እሺ አባባ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ የነበረኝ እግሬ ብቻ ነው። በየቤቱ እየዞርኩ ማንኳኳት ጀመርኩ። የመዋጮ ሰብሳቢ እየመሰልኳቸው በር አይከፈትም። አንዱ ቤት «ማን አለ?» ብል ከውስጥ በወፍራም ድምፅ «ማንም የለም!» ተባልኩ።

እንዲህ ስዞር ደክሞኝ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል፣ እኔም እትዬ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጠላ እየጠመቀች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ሰውነቷ ደልደል ያለ፣ አፏ ፈጣን፣ እጇ ለጋስ ነው። ጥሩምባዬን ከግድግዳዋ ላይ ካለ ምስማር አንጠለጠልኩት።

«እዚህ ይቀመጥልኝ እትዬ። እጄ ላይ ካለ ያሳስተኛል።»

የሆነውን ነገርኳት። ለቅሶውን ቀድማ ሰምታ ኖሮ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ጠላ ቀድታልኝ እንዲህ አለች፦ «አንተ ሰውን ልትይዝ ትሮጣለህ፣ ሰው ይሸሽሃል። ወደኔ ግን ማንም ሳይጠራው ይመጣል።» ደጇ ላይ ወደቆመው እንጨት በአገጯ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ጠላ መኖሩን የሚናገር እሱ ነው፤ ከመንገድ ያየው ሰው ይገባል። «ማታ ማታ እዚህ የማይቀመጥ አባወራ አለ? ጓድህ ሊቀመንበሩስ ይቀራል?»

«አይቀርም።»

«ታዲያ ቀን የሚሆነውን እየመጣህ ንገረኝ፣ እኔ ማታ እነግራቸዋለሁ። ውሃው የሚከለከል ቀን ደግሞ ጣሳውን አወርደዋለሁ። ጣሳው የለም ብሎ ዝም የሚል ሰው እዚህ ሰፈር አልተፈጠረም። ምን ሆንሽ እያለ ይመጣል። ሲመጣ ይሰማል።»

እንደዚያ ሆነ። ሥራው ሲጀመር ማታ ማታ ወደ ፋብሪካው እሄዳለሁ። ባለሙያው ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ የነገውን ይነግረኛል፣ እኔ ለእትዬ አደርሳለሁ፣ እሷ ከጠላው ጋር ታድላለች።

«ነገ የመጨረሻው ገንዳ ጭቃ ይወጣል። ይሸታል ብሏል።»

«ከዛሬው ይብሳል?»

«ይብሳል ብሏል።»

«ይባስ! አማቴ ነገ ነው የምትመጣው፣ ቶሎ ትመለስልኛለች» ይላል አንዱ።

ጥያቄም ወደ ላይ ይሄድ ጀመር። ባለፈው ሳምንት የታጠበው ሱፍ ይጣል ወይ? አይጣልም፣ በምንጭ ውሃ ይለቅለቅ። ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወቱ ወይ? በጭራሽ። አንዴ ደግሞ ጅረቷ ዳር የበቀለውን ሣር ከብት ይብላው ወይ ተባለና ጥያቄውን ይዤ ሄድኩ። ስመለስ ቤቱ ሁሉ ይጠብቀኛል።

«ምን አለ?»

«አላውቅም አለ። አጣርቼ እነግራችኋለሁ ነው ያለው።»

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «የመንግሥት ሰው ነው አላውቅም ያለው?»

«አዎ አባባ።»

«በአፉ?»

«በአፉ።»

«እንግዲያስ ይህ ልጅ የሚለውን እንስማ» አሉ። ኋላ አጣርቶ፣ ክረምቱ እስኪያጥበው ከብት አታስገቡበት አለ፤ ማንም አላስገባበትም።

ውሃው የሚለቀቀው ከገበያው ቀን በኋላ ሰኞ ሊሆን ታስቦ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ጠቆረ። ባለሙያው ወደ ላይ እያየ ሲመላለስ ደረስኩ። «ዝናብ ከቀደመን ገንዳው ኖራው ሳይሠራ በራሱ ይፈሳል። ነገ ጠዋት ነው የምንለቀው» አለኝ።

ነገ ማለት ቅዳሜ ነው። ገበያ! እየሮጥኩ ወደ እትዬ ሄድኩ።

«ነገ? በገበያ ቀን?» አለችና ጋኑን አየችው። የሳምንቱን ጠላ ለቅዳሜ ነው የጠመቀችው። ቢሆንም ወጥታ ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ አወረደችው። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ወደ ሌሎቹ ጠላ ሻጮች ሄደች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ሳይመሽ በሰፈሩ አንድም ጣሳ የተሰቀለበት ደጅ አልነበረም።

ጠዋት ገበያተኛው ሲመጣ ጉድ አለ። በቅዳሜ ቀን ጣሳ የሌለበት መንገድ አይቶ የሚያውቅ የለም። ከሰላ ድንጋይ በኩል የመጣው፣ ከየገጠሩ የወጣው ሁሉ ወደ እትዬ ደጅ ይመጣል።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ጅረቷን እስከ ነገ ማታ እንዳትነካ። በግህንም አርቅ፣ ውሃ ምንጩ ጋ አለ።»

«ጠላውስ?»

«ጠላውማ አለ፣ ግባ። ጣሳውን አወረድኩ እንጂ ጋኑን አልደፋሁት!»

ሰምቶ ይገባል፣ ጠጥቶ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ላገኘው ይነግራል። ከላይ የውሃ መሳቢያው ሞተር ሲጀምር ሰማሁ። ሱፍ ማጠቢያው ጋ የቀበሌው ጥበቃ ቆሟል፤ አንድም ሰው አልወረደም። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ መባተት በኋላ ልቤ አረፈ። እትዬ እየቀዳችልኝ ሳለ ግን በድንገት እጇን አነሳች፤ ጠላው ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

«ያ የበቅሎው ሰውዬ!»

«የቱ?»

«የአልዩ አምባው! በርበሬና ጨው የሚያመጣው! ሙስሊም አይደል እንዴ፣ ጠላ አይቀምስ። የኔን ጣሳ መቼ አይቶ ያውቃል!»

ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ሸክሙን አራግፌለት አውቃለሁ። ከተማ ሳይገባ ከታች መሻገሪያው ላይ ነው በቅሎዎቹን የሚያጠጣው። የሚመጣውም በዚያው ሰዓት ነው። ስነሳ እትዬ ጥሩምባውን ከምስማሩ አውርዳ ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«ያዝ!»

«እትዬ፣ የእድሩ ዳኛ...»

«ለሳቸው እኔ መልስ አለኝ። ሩጥ!»

ጉብታው ላይ ስደርስ ትንፋሼ አልቋል። ከታች ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል። ነጋዴው በእግሩ ከፊት እየመራ፣ ሸክም የጫኑ በቅሎዎቹ አንገታቸውን አስረዝመው ወደ መሻገሪያው እየወረዱ ነው። ውሃ የሸተተው በቅሎ አረማመዱ ይታወቃል። «ኧረ ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ቃሉን መልሶ አፌ ውስጥ ከተተው። እንደገና ጮህኩ፤ ዞርም አላለ። ሮጬ እንዳልደርስ ሩቅ ነው።

ጥሩምባውን አየሁት። አባቴን አሰብኩ። የተሰረጎደው አፉ ላይ ጣቴን አሳረፍኩና ለታላቅ ሰው ሞት የሚነፋውን ረጅሙን ነፋሁት።

ሰውዬው ቆመ። የፊተኛይቱን በቅሎ ልጓም ያዘ። ቀና ብሎ ፈለገኝ፤ አየኝ። ከዚያ በቅሎዎቹን ከውሃው አፍ መልሶ ወደኔ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እነሱ እምቢ ይላሉ፣ እሱ ይጎትታል። የሰው ለቅሶ ሰምቶ ሳይጠይቅ አልፎ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

አጠገቤ ሲደርስ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ማን ነው ያረፈው ወንድሜ?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩ፤ ትንፋሽ አጥሮኛል።

«ገና ነው? ታዲያ እየታመመ ነው የምትነፉለት?»

«ማንም እንዳይሞት ነው። ውሃው... የፋብሪካው ውሃ ዛሬ ተለቋል።»

ወደ ታች አየ። ጅረቷ በኖራው ነጥታ፣ የተበጠበጠ አሬራ መስላ ትወርዳለች። እሱ የበቅሎዋን አንገት ደባበሰ። «ወላሂ፣ ቤቴ እኮ በነዚህ ጀርባ ላይ ነው ያለው» አለ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ መጣ። «ለለቅሶ ብዬ እኮ ነው የቆምኩት። የቀበሌ መሆኑን ባውቅ አልቆምም ነበር!»

ምንጩ ጋ አጠጥተን ወደ እትዬ ቤት ስንደርስ የፈራሁት ጠበቀኝ። ጥሩምባውን የሰማ ሁሉ ተሰብስቧል። ነጠላ ተዘቅዝቋል፣ ጎረምሶቹ ደግሞ ድንኳኑን ተሸክመዋል። የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው መሃል ላይ ቆመዋል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

አፌን ስከፍት ነጋዴው ቀደመኝ። «አባባ፣ የምሞተው እኔ ነበርኩ» አለ። «በቅሎዎቼ ቢሞቱ እኔም ሞትኩ ማለት አይደል? ይህ ሰው ቀድሞ ነፋልኝ። እድራችሁ ለሰው ሳይሞት የሚነፋ ከሆነ እኔንም አስገቡኝ፤ እንዲህ ያለ እድር እኛ ሰፈር የለም።»

እትዬም በሩ ላይ ቆማ «አባባ፣ ጥሩምባውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ ወዲህ ነው» አለች።

ሽማግሌው በቅሎዎቹን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጥሩምባውን ከእጄ ወሰዱት። በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው መልሰው ሰጡኝ።

«ዛሬ አልዋሸም» አሉ።

ሰው እልል አለ። በዚህ መሃል ሊቀመንበሩ ከጉባኤው ጫፍ ብቅ ብሎ፣ ሕዝቡን አይቶ ፊቱ በርቶ «ስብሰባ አለ እንዴ?» ሲል ሁሉም አንድ ነገር ትዝ አለውና ተበተነ።

በማግስቱ ማታ ባለሙያው ወርዶ ውሃውን አየ፣ በትንንሽ ጠርሙሶች ቀዳ፣ ሌላም ምን ምን አደረገ፤ ሰኞ ጠዋት ማጠብም ማጠጣትም ትችላላችሁ አለ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ጣሳዋን ሰቀለች፣ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ባለሙያው ራሱ የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠጣ፤ ቦት ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው የገባው። ነጋዴው በሚቀጥለው ገበያ ከቆላ አንድ እስር ሸንኮራ ለሰፈሩ ልጆች አመጣ። እድሩም አስገባው፤ ኋላ ሰው ሲሞት ከአልዩ አምባ ድረስ ዳገቱን ወጥቶ የሚመጣ እሱ ነበር።

ጥሩምባው ዛሬም ቤቴ አለ። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ለሌላ አስረክቤ ነበር፤ እድሩ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለኔ መለሰልኝ። የልጅ ልጆቼ አንስተው ሲነፉ ጎረቤት ይደነግጣል፣ እኔም ማንም አልሞተም እያልኩ በር ላይ እቆማለሁ። ያን ቀን ማን አወጣህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ባለሙያው ጥሩ ልጅ ነበር፣ የእድሩ ዳኛም ትልቅ ሰው ነበሩ። ያወጣችኝ ግን ጣሳዋን አውርዳ ጥሩምባዬን ያስያዘችኝ፣ ጠላ ሻጯ እትዬ ናት።